በእንተ ተጠባባቂ በረኛ

ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን አውራ ጐዳና ይዞ ለሚጓዝ መንገደኛ ኩየራ በድንችና በበቆሎ ማሳ መካከል የተቀመጠች፣ በአድቬንቲስት ሚሲዮኗና በኮሌጇ ስሟ የታወቀ ትንሽ ከተማ ናት፤ በውስጧ ለሚኖር ሰው ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ የምታርፍ ከተማ ናት። ሙስሊሙ ዓርብ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ወደ መስጊዱ ይሄዳል፤ አድቬንቲስቱ ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀችበት ሰዓት አንሥቶ ቅዳሜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እጁን ወደ ሥራ አይዘረጋም፤ ኦርቶዶክሱም እሑድ ጧት ቅዳሴውን አስቀድሶ፣ ጠበሉን ጠጥቶ ይውላል። እነዚህ ሦስት ዕረፍቶች ጐን ለጐን ሲኖሩ አንዱ ሌላውን «ዛሬ ለምን አረፍህ?» ብሎ የጠየቀበትን ጊዜ እኔ በበኩሌ አላስታውስም። ታዲያ የነፍስን መዳን በሚያህል ታላቅ ነገር ተለያይቶ በሰላም የሚኖር ይህ ሕዝብ፣ በአንድ በረኛ መሰለፍና አለመሰለፍ ምክንያት ወንድም ከወንድሙ፣ አማች ከአማቱ ሲኳረፍ ማየት ለተመልካች የማይመረመር ምሥጢር ነው።

ጉባኤው የሚሰበሰበው ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ጣውላ በሆነ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነው። ከፊት መሬት ላይ ሕፃናቱ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ባጃጅ ነጂዎቹና የኮሌጁ ተማሪዎች፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም እንደ ማዕርጉ ይቀመጣል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ባለ ጀበና ቡና፣ ረከቦታቸውን ዘርግተው፣ የዱቤ ደብተራቸውን በጕልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ክርክሩ በኦሮምኛ ይጀመርና በአማርኛ ይፋፋማል፤ ዳኛውን ለመርገም ጊዜ ግን ሁሉም ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ጉባኤው ይበተናል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ጠባያችንን አያውቅም፤ የሚታይ ነገር ጠፍቶ ሐሳብን የሚያስተጓጕል ማስረጃ በማይኖርበት በዚያ ሰዓት ነውና ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ የሚጠልቀው።

ክርክሩም ሥርዐት አለው። አሰልጣኙ ያወጣው አሰላለፍ በቴሌቪዥኑ ላይ በታየ ጊዜ እንደ ንባብ ይቈጠራል፤ ከንባቡ በኋላ ትርጓሜው ይከተላል። የሒሳብ መምህሩ ድምፁን ጠርጎ «ግራ ተከላካዩን ያስቀመጠው ለረቡዕ ጨዋታ ሊያሳርፈው ነው» ብሎ ይፈታል። ባጃጅ ነጂው ይቀበልና «አንድም ተጣልተዋል» ይላል። የድንች ደላላው ይከተልና «አንድም ሊሸጠው ነው፤ ተጐድቶ ገበያው እንዳይሰበር አስቀመጠው» ይላል። እንደ ቀደሙት የመጻሕፍት ሊቃውንት «አንድም» እያሉ ሐተታውን ሲያራቡት፣ ንባቡን ያወጣው አሰልጣኝ ራሱ ከቶ ያላሰበው ምሥጢር ሰባትና ስምንት ሆኖ ይወለዳል፤ አሰልጣኙም ኩየራ ድረስ መጥቶ ቢሰማ ኖሮ ስለ ራሱ ጥበብ ብዙ ነገር ተምሮ ይመለስ ነበር።

ከሊቃውንቱ ሁሉ የሚከበሩት ጡረታ የወጡት ድሬሰር ናቸው። እኒህ ሰው አድቬንቲስት በመሆናቸው ቅዳሜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ወደ ቤቱ ደጃፍ አይቀርቡም፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ ዋና ገበያው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ ፀሐይዋ ከጠለቀች፣ ጨዋታውም ካለቀ በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጡና ውጤቱን ብቻ ይጠይቃሉ፤ ውጤቱን ከሰሙ በኋላ ግን ያላዩትን ጨዋታ ካዩት ሁሉ አብልጠው ያብራራሉ። መምህሩ አንድ ቀን ደፍሮ «ጋሼ፣ ያላዩትን ጨዋታ እንዴት ይፈርዱበታል?» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ትኵሳቱ ከተነገረኝ በሽታውን ለማወቅ የሰውየውን ፊት ማየት አያስፈልገኝም፤ ሦስት ለዜሮ ከባድ ትኵሳት ነው፤ ጥፋቱ የበረኛው ነው» ብለው አሰናበቱት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ቀኖና ደረስን። የኩየራ ጉባኤ በብዙ ነገር ቢለያይም በአንድ ነገር ፍጹም ስምምነት አለው፤ ይኸውም ከሁሉ የሚበልጠው በረኛ የማይጫወተው በረኛ ነው የሚለው ነው። የዚህ እምነት ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አጥቂ አምስት ጊዜ ስቶ በስድስተኛው ቢያገባ በትከሻ ይሸከሙታል፤ አማካይ ኳስ ቢያበላሽ ተከላካይ ይሸፍንለታል፤ ተከላካይ ቢሳሳት በረኛው ያድነዋል፤ በረኛው ከተሳሳተ ግን ከእርሱ በስተኋላ ያለው መረብ ብቻ ነውና የሚሸፍንለት የለም። አምስት አድኖ ስድስተኛው ያመለጠው በረኛ ማታ በየቡና ቤቱ ሲወገዝ፣ ተጠባባቂው ግን በወንበሩ ላይ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጓንቱ ሳይቈሽሽ፣ እንደ ብፁዓን በሰላም ይቀመጣል። ኃጢአት ያልሠራው የበቃ ሰው ስለ ሆነ ሳይሆን የሚበድልበትን አጋጣሚ ስላላገኘ መሆኑን የሚያስተውል የለም። ተራው ደርሶ አንድ ቀን ሲሰለፍና አንድ ኳስ ሲያመልጠው ግን ቅድስናው በዚያው ሰዓት ይሻራል፤ ምእመናኑም ባለፈው ሳምንት ያወገዙትን ሰው «ያ እንኳ ይሻል ነበር» እያሉ ያለ ንስሐ ወደ ክብሩ ይመልሱታል።

ለዚህ እማኝ የሚሆን ነገር ቢፈለግ 2015 እና 2016 ዓመተ ምሕረትን ማስታወስ ይበቃል። የአርሴናሉ አሮን ራምስዴል በአንድ የውድድር ዘመን ሠላሳ ስምንቱንም የሊግ ጨዋታ ቆሞ ቡድኑን ለሁለተኛነት ካበቃ በኋላ፣ በነሐሴ ወር 2015 ዴቪድ ራያ ከብሬንትፎርድ በውሰት መጣና ቦታውን ወሰደ። የዚያን ጊዜ በኩየራ ራምስዴላውያንና ራያውያን የተባሉ ሁለት ወገኖች ተነሡ። የመጀመሪያዎቹ «ያላጠፋ ሰው ለምን ይነሣል?» ሲሉ፣ ሁለተኞቹ «በእግሩ የማይጫወት በረኛ ለዚህ ዘመን አይሆንም» ብለው መለሱ፤ አንድ ራምስዴላዊ ባጃጅ ነጂ ከራያውያን ወገን የሆነ ተሳፋሪ አልጭንም ብሎ እስከ ሻሸመኔ ባዶውን እንደ ሄደም ይነገራል። በዓመቱ መጨረሻ ራያ አሥራ ስድስት ጨዋታዎችን ግብ ሳይገባበት ወጥቶ የወርቅ ጓንት ሲሸለም፣ ራምስዴልም ወደ ሳውዝሃምፕተን ሲሄድ፣ ራምስዴላውያን ተሸነፍን አላሉም፤ «ራምስዴል ቢሆን ኖሮ ሃያ ይሆን ነበር» አሉ። ይህን ነገር ለማስተባበል የሚችል ፍጡር የለም።

የማንቸስተር ዩናይትድ ወገኖች ደግሞ ከዚህ የከፋ ፈተና ነበረባቸው። ዳቪድ ዴ ኼያ በ2015 ዓመተ ምሕረት በተፈጸመው የውድድር ዘመን አሥራ ሰባት ጨዋታዎችን ግብ ሳይገባበት ጨርሶ የወርቅ ጓንቱን በወሰደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከቡድኑ ተሰናበተ፤ በምትኩም አንድሬ ኦናና ከኢንተር ሚላን መጣ። ዴ ኼያ ሳለ «ከግቡ መሥመር አይወጣም» ብለው ያወገዙት ሰዎች፣ ኦናና በመጣ ጊዜ «ከግቡ መሥመር ለምን ይወጣል?» ብለው አወገዙ። ድሬሰሩም ነገሩን በጥሞና አዳምጠው «ሁለቱ በሽታዎች ተቃራኒ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ ነው፤ መቀየር» ብለው ፈረዱ።

ይህ ቀኖና ለሩቅ አገር ቡድን ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል ጎረቤታችንን ሻሸመኔን መመልከት ይገባል። ሻሸመኔ ከተማ ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2016 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲካፈል፣ ኩየራ የራሷ ልጅ ሊቀ ጵጵስና የተሾመ ያህል ደስ አላት። ደስታው ሳይበርድ ግን ክርክሩ ተነሣ፤ እኩሌቶቹ «ያሳደጉን ልጆች ይቀጥሉ» ሲሉ፣ እኩሌቶቹ «ለማደግ የሚበቃ ተጫዋች ለመቈየት አይበቃም፤ ልምድ ያለው ይገዛ» አሉ። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ ይደረጉ ስለ ነበረ፣ እኛም በባጃጅ ብንነሣ ልንደርስበት የምንችለውን የሻሸመኔን ቡድን የእንግሊዙን በምናይበት በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው ጣውላ ላይ ተቀምጠን አየን። ቡድኑ በዚያው ዓመት ተመልሶ በወረደ ጊዜ «ይቀጥሉ» ያሉትም «ይገዛ» ያሉትም እኩል «አላልንም?» አሉ፤ አንድ ውድቀት ለሁለት ተቃራኒ ነቢያት ምስክር ሲሆን ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው።

ወደ አገር ቡድን ስንመጣ ድሬሰሩ ጥንቱን ያነሣሉ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓመተ ምሕረት፣ በቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የያኔዋን የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ይኸውም ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት አራት ለሁለት አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበትን ዕለት ትናንት እንደ ሆነ ያህል ይተርካሉ። ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ፣ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ እያሉ ያገቡትን በየስማቸው ከቈጠሩ በኋላ፣ ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ እንደ ተቀበለ ተርከው ወደ ፍሬ ነገሩ ይመለሳሉ፤ «በዚያ ቀን በረኛችን ሁለት ጊዜ ገብቶበታል፤ ነገር ግን አራት ያገባ አገር ሁለት የገባበትን በረኛ አይጠይቅም» ይላሉ። በጉባኤው ከተነገረው ቃል ሁሉ እውነትነቱ የጸና ይህ ነው፤ የበረኛ ክርክር የሚበዛው አጥቂ በጠፋበት ዘመን ነውና። ለዚህም ምስክሩ ከሠላሳ አንድ ዓመት መቅረት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት መንገድ ነው፤ ሱዳን በሜዳዋ አምስት አግብታብን ሳለ፣ እዚያው ያገባናቸው ሦስት ግቦች፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ከተጨመሩት ሁለት ጋር ተደምረው አሳለፉን። አምስት የገባበትን በረኛ በዚያ ማታ ማንም አላነሣውም።

ዋልያዎቹ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመሩ ደቡብ አፍሪካ የደረሱበትና ከዛምቢያ ጋር የተገናኙበት ቀን ደግሞ ጥር 13 ሆነ፤ የዋንጫው ዕለት በኀምሳ አንደኛ ዓመቱ ማለት ነው። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። መጀመሪያ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ፤ ጥቂት ቈይቶም በረኛው ጀማል ጣሰው ኳስ ሊያወጣ ወጥቶ በእግሩ ባላጋራውን ስለ መታ ቀይ ካርድ ተሰጠው። በኩየራ ከሰዓታት በፊት «ዘሪሁን ታደለ ይሰለፍ» ብሎ ሲሟገት የነበረው ባጃጅ ነጂ ዘሪሁን ጓንቱን ሲያጠልቅ ባየ ጊዜ፣ አገሩ በዐሥር ሰው መቅረቷን ረስቶ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሐሳቡ የተፈጸመለት ሰው ሐሳቡ በምን ዋጋ እንደ ተፈጸመ አይጠይቅም። አዳነ ግርማም ከዕረፍት በኋላ አቻ አድርጎን አንድ ለአንድ ወጣን፤ ነጂውም ግቧን ያገባት ተጠባባቂው በረኛ የሆነ ያህል ተመካባት።

ቡርኪና ፋሶ በመካከሉ አራት ለባዶ ከረታችን በኋላ፣ ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ተገናኘን። በግቡ የቆመው ሲሳይ ባንጫ ነበር። ከሰማንያኛው ደቂቃ ጀምሮ ቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አስገኘ፤ በሁለተኛው ላይ ሲሳይ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቅያሪው ሁሉ አልቆ ስለ ነበረም አማካዩ አዲስ ሕንጻ የበረኛውን ማልያ ለብሶ በግቡ መካከል ቆመ። ሞሰስም መትቶ አገባ፤ ጨዋታውም ሁለት ለባዶ አለቀ። በዚያች ሰዓት ቤቱ ጸጥ አለ። ጀማልን፣ ዘሪሁንን፣ ሲሳይን በየተራ ሲያነሡና ሲጥሉ የከረሙት ሊቃውንት፣ ቀኖናቸው እስከ መጨረሻው ቢፈጸም የሚያደርሰው የት እንደ ሆነ በዐይናቸው አዩ፤ ከተጠባባቂ በኋላ ሌላ ተጠባባቂ እየተፈለገ በመጨረሻ በረኛ ያልሆነ ሰው በግቡ ይቆማል። እኔም ከእንግዲህስ ይህ ጉባኤ ይታረማል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ወዲያው ግን ነጂው ከበስተኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አያችሁት? አንድ ብቻ ነው የገባበት! ከመጀመሪያው እርሱ መቆም ነበረበት!» አለ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ለሣቅ የሚሆን ነው። አሁን የምጽፈው ግን ለትምህርት ነው። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 1 ቀን፣ ኢትዮጵያ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በምታደርገው ውድድር ወደ ቦትስዋና ሄዳ ሁለት ለአንድ አሸነፈች። ከዚያ ጨዋታ በፊት በነበረው ሳምንት በኩየራ ማን በግቡ ይቁም፣ ማን በግራ ይሂድ፣ ማን ወንበር ላይ ይቀመጥ በሚል ያልተነሣ ሐተታ አልነበረም። ጨዋታው ቅዳሜ ስለ ዋለ ድሬሰሩ አላዩትም። በሳምንቱ፣ ሰኔ 9 ቀን እሑድ፣ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሁለት ለአንድ ባሸነፍን ጊዜ ምድቡን መሪ ሆነን አለፍን ተብሎ ባጃጁ ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋ ከኩየራ እስከ ሻሸመኔ አውራ ጐዳናውን ሞላው። ደስታው ገና በአስፋልቱ ላይ ሳለ ግን ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማካዩ ምንያህል ተሾመ አስቀድሞ በሁለት ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ተመዝግቦበት ስለ ነበረ የቦትስዋናውን ጨዋታ በቅጣት ማለፍ ይገባው ነበር። በስም ዝርዝሩ ላይ ግን ስሙ ተጻፈ፤ ተሰለፈም። ስለዚህ በሜዳ ያሸነፍነው ጨዋታ በወረቀት ሦስት ለባዶ እንደ ተሸነፍን ተቈጠረና 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ። በማግሥቱ ጉባኤው ሲሰበሰብ ከቶ ያልታየ ነገር ታየ፤ በረኛው ንጹሕ ነበረ። ሊቃውንቱ የሚያወግዙት ሰው አጥተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። መምህሩ «ማን ይጫወት ብለን ስንከራከር ማን ሊጫወት ይችላል ብለን አልጠየቅንም» አለ፤ ባጃጅ ነጂውም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ። ድሬሰሩ «እኔ ቅዳሜ ነበር፤ የለሁበትም» ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

በዚህ ጊዜ እስከዚያ ቀን ድረስ በኳስ ነገር አንዲት ቃል ተናግረው የማያውቁት እትዬ ከረከቦታቸው ቀና አሉ። «ይህ ምንያህል የሚባለው ልጅ ሁለት ነበረበት አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። «አዎን» አሏቸው። «በሁለት ይከለከላል?» «አዎን።» «ታዲያ ደብተር የሚይዝ ሰው የላቸውም?» አሉና የዱቤ ደብተራቸውን አንሥተው አሳዩ። «እኔ ማን ምን ያህል እንዳለበት ሳላይ ሁለተኛ ስኒ አልቀዳም። እናንተ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስትጮሁ ስለ ልጁ እግር ነው የምትነጋገሩት፤ ስለ ደብተሩ አንድ ሰው እንኳ አላነሣም።» ባጃጅ ነጂው ለማስተባበል አፉን ሲከፍት ደብተሩን ገልጠው ስሙን አሳዩትና ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክን ሁለት ለአንድ አሸንፈን የተወሰደብንን ነጥብ በላብ መለስነው፤ ምድባችንንም በመሪነት ፈጸምን። በ2006 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ግን ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለአንድ፣ ካላባር ላይም ሁለት ለባዶ አሸንፋን ወደ ብራዚል እርሷ ሄደች።

በረኛ ሲሳሳት ሚሊዮን ሕዝብ ያየዋል፤ መዝጋቢ ሲሳሳት ግን ፍርዱ እስኪመጣ ድረስ ማንም አያየውም፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ዕድሜ ልኩን ሲወቀስ፣ የሁለተኛውን ስም የሚጠራ እንኳ አይገኝም። ይህ ለበረኞች ፍትሕ አይደለም ባይ ነኝ። አንተም አንባቢ ሆይ፣ በምትኖርበት ከተማ «በረኛው ይቀየር!» የሚል ጉባኤ ስታገኝ ሽሽ አልልህም፤ ግባና እንደ ልብህ ተከራከር፤ ነገር ግን የማንንም ስም ከመጣልህና ከማንሣትህ በፊት ቢጫ ካርዶቹን ሁለት ጊዜ ቍጠር።